የማርሻሉ ነጭ ጓንት

ቧንቧው ሲንኳኳ መካኒኩ የምድር ቤቱን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ በመውረድ ላይ ነበር። ጣ ጣ! ድምፁን ሲሰማ እግሮቹ ተጠላለፉና የቀሩትን ደረጃዎች በመቀመጫው ተንሸራቶ ጨረሳቸው። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ፤ ወደ ቧንቧው ቀና ብሎም፣

«አሁንስ ምን በደልኩሽ?» አለ።

ቧንቧው መልስ ባይሰጥም ጥያቄው ለማን እንደሆነ ግልጽ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ያለው የልብስ ማጠቢያ ቤት የሚስቱ ነው። የማሽኑ ጩኸት አላነጋግር ስላላቸው ባልና ሚስቱ በቧንቧ መግባባት ከለመዱ ቆይተዋል። እሷ በልብስ መደብደቢያ ዱላዋ አንድ ጊዜ ከመታችው «ምግብ ደርሷል፣ ና» ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከመታችው ደግሞ «ውሃው በረደብኝ፣ አሙቅልኝ» ማለት ነው። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የተመታው ሁለት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዲቱ ምት የት እንደገባች እንጃ።

በምድር ቤቱ መካከል የአየር መጭመቂያው ተጎልቷል። ከትልቅ ወደ ትንሽ የተደረደሩ ሦስት ሲሊንደሮች አሉት፤ ከጎኑ ያለው የእንፋሎት ሞተር በወፍራም የቆዳ ቀበቶ ያንቀሳቅሰዋል። ሥራው ለወሬ ቀላል ነው፦ አየር ይውጣል፣ ይጨምቃል፣ ደግሞ ይጨምቃል። አየር ሲጨመቅ ግን ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ ነፍቶ የሚያውቅ ሰው የፓምፑ ጫፍ ጣቱን ሲፈጀው ይህን ተምሯል። ስለዚህ በየሲሊንደሩ መካከል ቀዝቃዛ ውሃ በቧንቧ ይዞራል፤ የአየሩን ትኩሳት ይቀበልና ራሱ ሞቆ ወደ ማዶ ይሄዳል። ማዶ ማለት እንግዲህ የሚስቱ ገንዳ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቅን ልቦና ነበር። «ለብ ያለ ውሃ በከንቱ ቦይ ከሚገባ እትዬ ትጠቀምበት» ያለው ራሱ ፕሮፌሰሩ ነው። ፕሮፌሰሩ የመካኒኩ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው፤ እናትና አባታቸው ቀድመው ስላለፉ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ነገር ግን ውሃው ተጣድፎ ሲያልፍ ለብ ብሎ ብቻ ይደርሳታል፤ በለብታ ደግሞ የኮሌታ እድፍ አይለቅም። አንድ ቀን መካኒኩ ለሚስቱ አዘነና የውሃውን ቫልቭ ትንሽ ጠበብ አደረገው። ውሃው ቀስ እያለ ስላለፈ የሚያቃጥል ሆኖ ደረሰላት። የዚያን ቀን የቀረበለት ሾርባ ጣዕሙ እስካሁን ከአፉ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ቧንቧው ሁለቴ በተንኳኳ ቁጥር ቫልቩን ጠበብ ማድረግ የትዳራቸው ደንብ ሆነ። ለፕሮፌሰሩ አልነገረውም። ሰው ለሚስቱ ያደረገውን ሁሉ ሄዶ ለአማቹ ይተርካል እንዴ?

ፕሮፌሰሩ በበኩሉ ፎቅ ላይ አየርን ፈሳሽ ለማድረግ ሲታገል ከርሟል። የተጨመቀው አየር በተጠቀለለ ረጅም ቧንቧ ይሄድና በቀጭን ቀዳዳ ሲወጣ በድንገት ይሰፋል፤ ሲሰፋ ይበርዳል። የበረደው አየር የመጣበትን ቧንቧ ከውጭ እያቀዘቀዘ ይመለሳል፤ ተከትሎ የሚመጣው ከፊተኛው ይልቅ የበረደ ይሆናል። እንዲህ እየተቀባበለ ሄዶ በመጨረሻ አየሩ ራሱ እንደ ውሃ ጠብ ይላል። በወረቀት ላይ ጠብ ብሏል። በመስታወቱ ዕቃ ውስጥ ግን ወራት ሙሉ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሰውየው ከሳ፤ ኮቱ ሰፋው፤ የጻፈውን ስሌት እያገላበጠ እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ ጥፋቱን ያገኘው መሰለውና ደስ አለው፤ መጭመቂያው አልፎ አልፎ ጣ ጣ ይላል! የላላ ፒስተን አለ ማለት ነው። ማሽኑን ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታታው። ሁለቱንም ጊዜ መካኒኩ ፋኖስ ይዞለት ቆመ፤ ፊቱን ግን ከብርሃኑ ዞር አድርጎ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። መጭመቂያው ፕሮፌሰሩ የሚሠራበት የሳይንስ አካዳሚ ንብረት ነው፤ የአካዳሚው የበላይ ጠባቂ ማርሻሉ ናቸው፤ ማርሻሉ ደግሞ ወደብ ላይ ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች አሏቸው፤ ጠላቂዎቹ አየር የሚነፋላቸው ማሽን አጥተዋል። «ከሰዓት በኋላ ራሴ መጥቼ አያለሁ። ፈሳሽ አየር ካለ መልካም፤ ከሌለ መጭመቂያው በዕለቱ ወደ ወደብ ይጫናል» ብለዋል። አራት ፈረሶች የተጠመዱበት ትልቅ ጋሪ ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ጋሪ ነጂውም በየደቂቃው በሩ ላይ ብቅ እያለ መጭመቂያውን፣ የሬሳ ሳጥን ሠሪ የታመመ ሰው እንደሚያይ፣ ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ይለካዋል። መካኒኩ ይህን መጭመቂያ ተክሎ፣ ቀብቶ፣ እንደ ልጅ አጥቦ የኖረ ሰው ነው። ጋሪ ነጂውን ባየው ቁጥር በሩን ይዘጋበታል።

አሁን በሩጫ ያስወረደው ግን ጋሪ ነጂው አይደለም። ቀድመው ለመጡት ሊቃውንት ፕሮፌሰሩ ፎቅ ላይ ሲያስረዳ ሰምቶ ነው።

«ብርድ የሚባል ነገር አይሠራም፣ ክቡራን!» ይል ነበር ፕሮፌሰሩ። «እኛ የምንችለው ሙቀትን ማባረር ብቻ ነው። ሞተሩ አየሩን ሲጨምቅ ያፈሰሰው ጉልበት ሙቀት ይሆናል፤ ያንን ሙቀት ምድር ቤት ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ጠርጎ ሊወስድልን ይገባል። ካልወሰደው አየሩ ሞቆ ያብጣል፤ ያበጠውን ለመጭመቅ ሞተሩ ትርፍ ከሰል ይበላል፤ እዚህ ሲደርስም ከነትኩሳቱ ስለሚመጣ አይፈስም። ደግነቱ ከውሃው በኩል ሥጋት የለብንም። ውሃውን የያዘው አማቼ ነው፤ እንደ ራሴ የማምነው ሰው ነው።»

ይህን ሁሉ መካኒኩ በሩ ሥር ቆሞ ሰማ። ትርፍ ሙቀት ነው ብሎ ለሚስቱ የሰጠው እኮ የአማቹን አየር ነው! ቫልቩን ወለል አድርጎ ሊከፍት እየሮጠ ወረደ። የተንኳኳውም ያኔ ነው።

አሁን እጁን ቫልቩ ላይ አድርጎ ሲያመነታ የግቢው በር ተበረገደና ሚስቱ እስከ ክርኗ አረፋ በአረፋ ሆና ገባች።

«ደንቁረሃል?»

«አልደነቆርኩም። ዛሬ ቀዝቃዛው ያስፈልጋል።»

«ለማን ነው የሚያስፈልገው?»

«ለወንድምሽ።»

«ለወንድሜ የሚያስፈልጉት ማርሻሉ ናቸው» አለች፣ አረፋዋን በአየር ላይ እየረጨች። «ለማርሻሉ የሚያስፈልጋቸው ነጭ ጓንት ነው። ጓንቱ ደግሞ እኔ ገንዳ ውስጥ መረቅ ጠጥቶ ተኝቷል! ሰውየው እጃቸውን ሳህን ውስጥ ነክረው ይሆን እንጃ። እሱን በበረዶ ውሃ አስለቅቂ ነው የምትለኝ?»

ማርሻሉ ያለ ነጭ ጓንት ከቤት እንደማይወጡ አገር ያውቃል። በባዶ እጅ ሰላምታ መስጠትን ያለ ሱሪ አደባባይ ከመውጣት ለይተው አያዩትም፤ ጓንት ካላጠለቁ ሰልፍ ሙሉ ወታደር ቢገትርላቸው አጸፋ አይመልሱም። እንግዲህ ውሃው ካልሞቀ ጓንቱ አይነጣም፤ ጓንቱ ካልነጣ ማርሻሉ አይመጡም፤ ውሃው ከሞቀ ደግሞ አየሩ አይፈስም። ማርሻሉ ካልመጡ የሚያይ የለም፤ ከመጡ የሚታይ የለም።

«ትንሽ ብቻ ጠበብ አድርግልኝ» አለች ሚስቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለማሙሽ ስል ነው።»

ማሙሽ የምትለው ፕሮፌሰሩን ነው። መካኒኩ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ነገሩን አመዛዘነና ቫልቩን መሃል ላይ አቆመው። አስታራቂ ሽማግሌ አንዳንዴ ሁለቱንም ወገን እንደሚያስለቅስ ረስቶታል። ብዙ ሳይቆይ ማዶ ያለችው ውሃው በረደብኝ ብላ ታንኳኳ ጀመር፤ እዚህ ደግሞ መጭመቂያው እየጋለ ሄደ። የሞቀው አየር አልጨመቅ ብሎ ሞተሩን ያስቃትተዋል፤ ምድጃው የተሰጠውን ከሰል ይውጥና ሌላ ይጠይቃል። የመጨረሻው ሲሊንደር ዘይት መጨስ ሲጀምር መካኒኩ፣ ማሽኑ ከሚፈነዳ ብሎ ቀበቶውን አላቀቀ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

ወዲያው ከላይ የሚወርድ የእግር ኮቴ ተሰማ። ፊት ፊት ፕሮፌሰሩ፣ ከኋላው ሊቃውንቱ በጥቁር ካፖርታቸው፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ ጺማሙ ሊቅ ጺሙን ከደረጃው ብረት እየጠበቀ ወረዱ። ይህ ጺማሙ ሊቅ አየር በተፈጥሮው ፈሳሽ የማይሆን ነገር ነው እያለ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው ነው፤ ዛሬም የመጣው ሐዘን ለመድረስ መስሎ ነው፣ ግን ፊቱ የሠርገኛ ነበር።

«ምን ሆነ?» አለ ፕሮፌሰሩ።

«ጋለብኝ፣ ፕሮፌሰር። እንዳይጎዳ ብዬ አቆምኩት።» መካኒኩ በሥራ ቦታ «እርስዎ»፣ በቤት «አንተ» ነው የሚለው፤ ዛሬ ግን የትኛው እንደሚሻል ግራ ገብቶታል።

«በቃ» አለ ፕሮፌሰሩ፣ ሊቃውንቱን ዞር ብሎ ሳያይ። «ስሌቴ ነው የተሳሳተው። ውሃው እየሄደ፣ ሞተሩ እየሠራ ይህ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጋሪ ነጂውን ጥሩት። ማርሻሉንም አናድክማቸው።»

ጣ ጣ!

ሁሉም ወደ መጭመቂያው ዞሩ። መጭመቂያው እንደ ሬሳ ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

«ፒስተኑ...» ብሎ ጀመረ ፕሮፌሰሩ።

«ማሽኑ እኮ ቆሟል» አለ አንዱ ሊቅ።

ጣ ጣ! ጣ ጣ! አሁንስ ንዴትም አለበት።

ፕሮፌሰሩ ጆሮውን ሲሊንደሩ ላይ ለጠፈ፤ ራሱን ነቀነቀ። ቧንቧው ላይ ለጠፈ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ ጆሮውን ከቧንቧው ሳያላቅቅ፣ አንገቱን እንደ ዶሮ አጋድሎ፣ በቧንቧው መንገድ ጎንበስ ቀና እያለ ወደ ግድግዳው ሄደ። ሊቃውንቱም ምሥጢሩ እንዳያመልጣቸው ጆሯቸውን እየለጠፉ ተከተሉት። መካኒኩ «አይሆንም፣ እዚያ እርጥብ ነው» ቢልም የሚሰማው አላገኘም። ሰልፉ ግድግዳው ጋ ሲደርስ በግቢው በኩል ዞሮ፣ ፈረሶቹን አልፎ፣ ጋሪ ነጂውን አስደንግጦ የማጠቢያ ቤቱን በር ከፈተ።

በእንፋሎቱ መካከል የመካኒኩ ሚስት ዱላዋን ከፍ አድርጋ ለሦስተኛው ዙር ተዘጋጅታ ነበር።

«እትዬ?»

«ማሙሽ!» አለች፣ ዱላዋ አየር ላይ እንዳለ። «እነዚህ ሁሉ ሰዎች ምንድን ናቸው? እግራችሁን ጥረጉ!»

ሊቃውንቱ እግራቸውን ጠረጉ።

«እትዬ፣ ቧንቧውን የምትመቺው አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ይሁን? ባሌ ውሃውን ቀስ አድርጎ እንዲያሳልፍልኝ ነዋ! ሲሮጥ ይበርዳል፣ ሲያዘግም ይሞቃል። ይኼው ነው፤ ሁልጊዜም የምናደርገው ነው።»

ፕሮፌሰሩ ቀስ ብሎ ወደ መካኒኩ ዞረ።

«ማሽኑን ሁለት ጊዜ ስፈታታ ፋኖስ የያዝክልኝ አንተ አልነበርክም?»

«ነበርኩ።»

«እና ምንም አላልክም።»

«ውሃው ትርፍ መስሎኝ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ... ደግሞ እህትህ ናት» አለ መካኒኩ። በሊቃውንት ፊት «አንተ» ማለቱን እንኳ ልብ አላለም። ከልቡ አፍሮ ነበር፤ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠው በወደደ።

ፕሮፌሰሩ ወደ ገንዳው ሄዶ ጣቱን ነከረና ባንዴ መልሶ አወጣው። ጣቱን እያራገፈ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰ ብለው ሲደነግጡ ለካስ ይስቅ ኖሯል። እህቱን አቅፎ ግንባሯን ሳማት፣ አረፋው አገጩ ላይ እንደቀረ መካኒኩንም አቀፈው።

«ትክክል ነበርኩ!» አለ እየጮኸ። «ስሌቴ ትክክል ነበር! ሙቀቱ የጠፋብኝ መስሎኝ ስንት ወር ስፈልገው፣ ለካ እዚህ ሸሚዝ ያጥባል! ውሃው ሲያዘግም ያልወሰደውን ደግሞ አየሩ ይዞት ወደ እኔ ይመጣል። ወረቀት! ወረቀት ስጡኝ!»

ወረቀት አልነበረም። አጠገቡ የነበረውን የሳሙና ቁራጭ አነሣና ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ባገኘው ጥቁር ካባ ላይ ስሌቱን ይጽፍ ጀመር። ውሃው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያልፍ፣ ምን ያህል ሙቀት እንደሚወስድ፣ አየሩ በምን ያህል ብርድ ወደ ላይ እንደሚወጣ ጻፈ። እህቱ ጮኸች።

«የማርሻሉ ካባ ነው!»

«ይታጠባል፣ እትዬ። አማቼ፣ ቫልቩን እስከ መጨረሻው ክፈተው!»

«ይክፈተው» አለች እሷ ዱላዋን ወደ ባሏ እያነጣጠረች። «ይክፈተውና እኔ ደግሞ ሁለተኛ አላንኳኳም። ሁለቴም አላንኳኳም፣ አንዴም አላንኳኳ!»

የመጨረሻዋ ቃል ለማን እንደሆነች መካኒኩ ብቻ ገባው። አንዴ ካልተንኳኳ ምግብ የለም ማለት ነው።

ቫልቩ ተከፈተ። ቀዝቃዛው ውሃ በቧንቧው ውስጥ እያፏጨ አለፈ። ሲሊንደሩ ቀስ በቀስ እጅ የሚያስነካ ሆነ፤ መካኒኩ ቀበቶውን መልሶ ሲያገናኝ ሞተሩ ያን ሁሉ ማቃሰቱን ትቶ ጭነት እንደወረደለት በቅሎ ይሄድ ጀመር። ያው ማሽን፣ ያው ከሰል ነው፤ ብቻ የሚታገለው ካበጠ አየር ጋር መሆኑ ቀርቷል። መካኒኩ እሱን እያየ አንድ ጊዜ ፈገግ አለ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ዝም ያለውን ቧንቧ አይቶ አዘነ።

ማርሻሉ ከሰዓት በኋላ መጡ። እስኪመጡ ድረስ ይቀራሉ ብሎ ተስፋ ያላደረገ አልነበረም፤ እሳቸው ግን ቀጠሮ ማፍረስን ከባዶ እጅ ይበልጥ ይጠሉ ኖሯል። ግራጫ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ቀብረው ገቡ። በር ላይ የቆመው ዘብ ሰላምታ ሲሰጣቸው ፊታቸው ቲማቲም መሰለ፤ በአፍንጫቸው ብቻ ነቀነቅ አሉ።

«አየሩ የት አለ?» አሉ ፎቅ እንደደረሱ። «ጓንቴስ?»

«አየሩ በመንገድ ላይ ነው፣ ክቡር ማርሻል» አለ ፕሮፌሰሩ።

«ጓንትዎም እየታጠበ ነው» አለ ከኋላ አጃቢው መኮንን።

ማርሻሉ በወንበር ላይ፣ እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ፣ ተቀመጡ። ሁሉም የመስታወቱን ዕቃ ከበው ተፋጠጡበት። ብርዱ እየተቀባበለ እስኪወርድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሊቃውንቱ አንድ በአንድ እንቅልፍ ጣላቸው። ጺማሙ ሊቅ ብቻ በየመሃሉ «አይሆንም» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። መካኒኩ ምድር ቤት ቫልቩን እንደ ዘብ ሲጠብቅ ቆይቶ አላስችል ብሎት ሮጦ ወጣና በበሩ በኩል አንገቱን አስገባ። ግቢው ውስጥ ጋሪ ነጂው ለፈረሶቹ ልጓም ማጥለቅ መጀመሩን በመስኮት አይቶ ነበር።

በመጨረሻ የቧንቧው ጫፍ በረዶ ለበሰ። ነጭ ጉም ተንጠፍጥፎ ወረደ። ከዚያም ከጉሙ ሥር ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ አለ። ከዚያ ጠብታው ቀጭን ክር ሆኖ መስታወቱ ዕቃ ውስጥ ይፈስ ጀመር፤ ጥርት ያለ፣ ሰማያዊ የነካው፣ እሳት ሳይነካው የሚፍለቀለቅ ነገር።

መካኒኩ ዓይኑን በዘይታም እጅጌው ጠረገ።

«ውሃ ነው» አለ ጺማሙ ሊቅ።

«ምን?» አለ ፕሮፌሰሩ።

«ውሃ ነዋ! አየር ውስጥ እርጥበት አለ። ቧንቧው ሲበርድ እርጥበቱ ጤዛ ሆነና ተንጠባጠበ። ክቡር ማርሻል፣ እኔ ቤት መስኮቱም ላይ እንዲህ ያለ ፈሳሽ አየር ሞልቷል።»

«እርጥበቱን እኮ አስቀድመን በኖራ አድርቀነዋል!» አለ ፕሮፌሰሩ። «ደግሞ ሲፍለቀለቅ አታይም?»

«የፈላ ውሃ ይሆናላ!»

ማርሻሉ አንዱን አንዱን አዩ። እሳቸው የሚያውቁት ጦር ማዝመት እንጂ ፈሳሽ መለየት አይደለም። «ፈሳሹ ውሃ ይመስላል» አሉ በመጨረሻ፣ እያዘኑ። «ጋሪ ነጂውን ጥራው።» አጃቢው ወደ በሩ ተራመደ። መካኒኩ ገብቶ በሩን ዘጋና በጀርባው ደገፈ፤ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ እሱም አያውቅም።

በዚህ መሃል በሩ ከኋላው ተገፋና ሚስቱ ገባች። በእንጨት መቆንጠጫዋ ጫፍ ላይ አንድ እርጥብ ነጭ ጓንት ተንጠልጥሏል። ከጓንቱ አረፋ ይንጠባጠባል፤ ከእሷ ደግሞ ንዴት።

«ይኸው ጓንትዎ፣ ክቡር ማርሻል» አለች። «እድፉን በእጄ አሽቼ አስለቅቄያለሁ። ሳሙናውን ግን ማስለቀቂያ ሙቅ ውሃ አጣሁ፤ ለዚህ ቤት ሲባል ገንዳዬ በረዶ ሆኗል። ውሃዬን ምን እንደምታደርጉት ልይ ብዬ መጣሁ።» መስታወቱን ዕቃ አየችው። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው» አለ ጺማሙ ሊቅ፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎ። «ተራ ውሃ፣ እመቤቴ።»

«ይኸው ይፈላል እኮ፤ ከሆነማ ተገኘ!» አለችና ጓንቱን ከነመቆንጠጫው ዕቃው ውስጥ ድፍቅ አደረገችው።

ፈሳሹ የጋለ መጥበሻ እንደነካው ዘይት ተንጨረጨረ። ጉሙ ጠረጴዛውን ሸፈነ፤ ሊቃውንቱ ከእንቅልፋቸው ባነኑ። «ኧረ በሕግ!» ብላ መቆንጠጫዋን ወደ ላይ ስባ አወጣችው፤ በድንጋጤም እጇ ከግንባሯ ከፍታ ላይ ቀረ። ጉሙ ሲገለጥ ጓንቱ በመቆንጠጫው ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አምስቱ ጣቶቹ ተገጣጥመው፣ እንደ ብረት ጠንክረው፣ በነጭ በረዶ አብረቅርቀው፣ ልክ በወታደር ደንብ ለማርሻሉ ሰላምታ ይሰጣል።

ማርሻሉ ተስፈንጥረው ተነሡ። ተረከዛቸውን አጋጩ። ቀኝ እጃቸው ከኪሳቸው ወጣ፤ ባዶ እጃቸው ነው፣ ጓንት ያላየው፣ ሮዝ፣ እንደ ሕፃን እጅ የለሰለሰ። በዚያ እጅ ለጓንቱ አጸፋውን መለሱ።

ማርሻሉ እጃቸውን ሲያወርዱ ምን እንዳደረጉ ገባቸው። ጓንቱን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ እንደገና ጓንቱን አዩ።

«እመቤቴ» አሉ ድምፃቸው ጎርነን ብሎ፣ «የልብስ ማጠንከሪያው ስታርች ግሩም ነው።»

«ስታርች የሚባል ነገር አልነካውም!» አለች እሷ። «እንደዚህ ያለ ውሃም አይቼ አላውቅ!»

ማርሻሉ ጓንቱን ሊቀበሉ እጃቸውን ሲዘረጉ ፕሮፌሰሩ «አይንኩት! ያቃጥላል!» ብሎ በመካከላቸው ዘለለ። መቆንጠጫው ጠረጴዛውን ሲመታ ጓንቱ እንደ ሸክላ ቀጭ ብሎ ጮኸ። ጺማሙ ሊቅ ድምፁን ሰማና ጺሙን ሰብስቦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቅድም «ተራ ውሃ» ያለው በሁሉም ጆሮ ውስጥ ነበር። ውሃ ጨርቅ ሲያለሰልስ እንጂ በአንድ ትንፋሽ ድንጋይ ሲያደርግ ያየ ሰው በዚያ ክፍል አልነበረም።

«መጭመቂያው» አሉ ማርሻሉ፣ ካፖርታቸውን እያስተካከሉ፣ «ካለበት አይነቃነቅም። ለጠላቂዎቹ ሌላ ይፈለግ።»

መካኒኩ ከደስታው ብዛት የያዘውን በር ለቀቀና ከጀርባው ያለው ኮሪደር ላይ ተዘረረ። ፕሮፌሰሩ ወረቀቶቹን እየበተነ ሊያነሣው ሄደ፤ ሁለቱም እዚያው ወለል ላይ ተቃቅፈው ተቀመጡ።

«ጋሪውስ?» አለ አጃቢው። «አራት ፈረስ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። ባዶውን ይመለስ?»

«ባዶውን?» አለች የመካኒኩ ሚስት። «የእሳቸውና የመኮንኖቻቸው ንጹሕ ልብስ ቅርጫት ሙሉ እታች ተደርድሮ የለም እንዴ? ይጫን እንጂ! ካባው ግን የተጻፈ ነገር ስላለበት እዚሁ ይቆይ፤ አታራግፉት፣ ማሙሽ ይፈልገዋል።»

ለትልቁ መጭመቂያ የመጣው ጋሪ ሸሚዝና የአልጋ ልብስ ተሸክሞ ወጣ። አራቱ ፈረሶች ጭነቱ ቀሎባቸው ሶምሶማ ረገጡ፤ ጋሪ ነጂውም የከረረ ፊቱን ሳይፈታ በተቆለሉት ቅርጫቶች አናት ላይ ተቀመጠ። ማርሻሉ እጃቸውን ኪሳቸው ሳይከቱ በሰረገላቸው ተከተሉት፤ በሩ ላይ ለቆመው ዘብም በባዶ እጃቸው አጸፋ ሰጡ። ዘቡ ለቀናት ሲያወራው ከርሟል።

እንግዶቹ ሲሄዱ መካኒኩ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ማሽኑን አቁሞ፣ ሲሊንደሮቹን በጨርቅ ጠርጎ ከቧንቧው አጠገብ ባለው ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ሊሰማው የሚገባው ደስታ ብቻ ነበር፤ መጭመቂያው አለ፣ አማቹ አለ፣ ሥራው አለ። ግን ቧንቧው ዝም ብሏል። ጆሮውን ለጠፈበት። ቀዝቃዛ ነው። ሚስቱን ስንት ጊዜ በሙቅ ውሃ እንዳስደሰታት፣ ዛሬ ደግሞ በሊቃውንት ፊት በዱላ እንዳስያዛት አሰበ።

«ይቅርታ» አለ ለቧንቧው፣ በቀስታ።

መካኒኩ ተስፋ ቆርጦ ፋኖሱን አነሣ፤ ደረጃውን መውጣት ሲጀምር ቧንቧው ተንኳኳ።

ጣ።

ቆሞ ጠበቀ። ሁለተኛው አልመጣም። ፋኖሱን ወለሉ ላይ አስቀመጠና፣ ኮቱን እንኳ ሳያነሣ፣ በግቢው በኩል እየሮጠ ወጣ።